ስለ ዓለም ዕድሜ፦ ባሕረ ሐሳብና የመሬት ሳይንስ



ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው የሐድያ ከተማ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከትንሣኤ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ከሚውለው ከሆሳዕና በዓል ነው። በዓሉ ከእሑድ ባይወጣም ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ቀኑን የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ሲሆን፣ ቀመሩም ሥራውን የሚጀምረው ከዓለም ዕድሜ ነው። ስለዚህ በሆሳዕና የሚያስተምር የፊዚክስ ወይም የጂኦግራፊ መምህር «ዓለም ስንት ዓመቷ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። የከተማው ስም ራሱ ከዚያ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

መምህሩ የሚያስተምረው መጽሐፍ ለጽንፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን፣ ለመሬት ደግሞ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይሰጣል። ባሕረ ሐሳብ በአንጻሩ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጥራል። ተማሪው ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጉዳዩ በጥንቃቄ ካልተያዘ ወይ የወላጆቹን እምነት ወይ ትምህርቱን መናቅ ያለበት ይመስለዋል። ከሁለቱም መራቅ የሚቻለው እያንዳንዱ ቁጥር ምን ሥራ እንደሚሠራ በውል ሲታወቅ ነው።

የ2017 ዓ.ም. ሒሳብ ለምሳሌ ይወሰድ። 5500 ሲደመር 2017፣ ዓመተ ዓለም 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209 ይሆናል፤ በ30 በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይገኛል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ረቡዕ ነበረ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ድምሩ 33፣ 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ከዚያ በ62ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 5፣ የሆሳዕና በዓል ተከበረ። ቀመሩ ቃሉን ጠብቋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ቀመሩ የሚጠቀመው በ5500 ትልቅነት ሳይሆን በማካፈል በሚተርፈው ቁጥር ነው። የፀሐይ፣ የጨረቃና የሳምንቱ ዕለታት ዑደት ተጣጥሞ የሚመለሰው በየ532 ዓመቱ ሲሆን፣ ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። ከ5500 ላይ 10 ዐቢይ ቀመር፣ ማለት 5320፣ ቢቀነስ 180 ይቀራል። 180 ሲደመር 2017፣ 2197 ይሆናል፤ ይህም በ19 ሲካፈል ያው 12 ይተርፋል፤ ሆሳዕናም ያው ሚያዝያ 5 ይውላል። እንግዲህ የበዓሉ ቀን በትክክል መገኘቱ የዓለምን ዕድሜ አያስረዳም። 5500 ለቀመሩ መነሻ እንጂ ሚዛን አይደለም።

ነገር ግን የጥንት ሊቃውንት ቁጥሩን እንደ መነሻ ብቻ ቆጥረውታል ማለት እውነትን መሸፋፈን ነው። በ5ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ዘመናቱን ያሰላው የአበውን ዕድሜ ከመጽሐፍ ደምሮ ነው። በኢትዮጵያም ቁጥሩ ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ጋር ተያይዞ፣ አንዱ ቀን ሺህ ዓመት ሆኖ ተተርጕሟል። እነርሱ እውነተኛ ዘመን እንደ ቆጠሩ አምነው ነበር።

ሆኖም መጻሕፍቱ ራሳቸው በአንድ ድምር አይገናኙም። አዳም ሴትን ሲወልድ ግሪኩን የተከተለው የግዕዙ ኦሪት 230 ዓመት ሲለው፣ የዕብራይስጡ 130 ይላል። የአይሁድ አቆጣጠር ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ በፊት በ3761 ዓመት ነው ሲል፣ የቢዛንታይን 5509፣ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1650 ባወጣው መጽሐፍ 4004 ብሏል። ቁርኣን የዓለምን ዕድሜ በዓመት ቆጥሮ አያስቀምጥም። ኦርቶዶክሱ፣ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ ምእመኑ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ በአንድ ክፍል በሚማሩበት በሐድያና በከምባታ፣ «የሃይማኖት ቁጥር» ተብሎ የሚጠራ አንድ ቁጥር የለም። ተማሪዎቹ የሚስማሙት ዓለም ፈጣሪ አላት በሚለው እምነት ነው፤ ያም በዓመት የሚለካ አይደለም።

ሳይንስ በበኩሉ የሚለካው ቁስን ነው። የቀለጠ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ሲወጣ አርጎን የተባለው ጋዝ ያመልጣል፤ ከበረደ በኋላ ግን በማዕድኑ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ሲለወጥ ጋዙ ታስሮ ይከማቻል። ከፖታሲየሙ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። የተከማቸው ሲለካ የድንጋዩ ዕድሜ ይታወቃል። ክሌር ፓተርሰንም እ.ኤ.አ. በ1956 በተወርዋሪ ኮከብ ስብርባሪ ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምሮ የመሬትን ዕድሜ ወደ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አድርሶታል።

ምስክሩ ከሆሳዕና ሩቅ አይደለም። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለው የሻላ ሐይቅ የተኛው በታላቅ ፍንዳታ በተደረመሰ የእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜው ወደ 195,000 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ከቅሪቱ በላይ የተነጠፈው አመድ ከሻላ የተነሣ መሆኑን፣ ፍንዳታውም የሆነው ከ233,000 ዓመት በፊት መሆኑን አሳየ፤ የስሕተቱም ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 22,000 ዓመት ነው።

ተማሪው «ሳይንስ ይለዋወጣል» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን ለውጡ በምክንያት የመጣ፣ የሚሳሳትበትንም ወሰን አስቀድሞ የሚናገር ነው። ያ ወሰን ምንም ያህል ቢሰፋ ወደ 7,500 ዓመት አይደርስም። ስለዚህ 5500 የመሬት ዕድሜ መለኪያ ሆኖ ሲቀርብ አይጸናም፤ መምህሩም ይህን በግልጽ መናገር ይገባዋል። በስምጥ ሸለቆው ለሚኖር ሕዝብ እሳተ ገሞራዎቹ መቼ እንደ ፈነዱ ማወቅ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም።

የሚፈተነው የአነጋገሩ መንገድ ነው። ምዕራፉን ዘሎ ማለፍ ተማሪውን ማታለል ነው፤ በአባቶች ቀመር ላይ ማሾፍም አለማወቅ ነው። ሳይንሱን የእምነት ማረጋገጫ ማድረግ ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያሳየው ቤልጅጋዊው ዦርዥ ለሜትር ካቶሊክ ቄስ ነበረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1951 ባደረጉት ንግግር ይህን ዓይነቱን ግኝት ከፍጥረት ትምህርት ጋር ባቀራረቡት ጊዜ፣ ለሜትር አልተደሰተም፤ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ እንዲቆም ይፈልግ ነበር። ነገ በልኬት ሊታረም የሚችል ነገር የእምነት መሠረት እንዲሆን አልወደደም።

ለሆሳዕና መምህር የሚጠቅመው ሁለቱንም ሒሳብ በሰሌዳው ላይ መሥራት ነው። መጀመሪያ ባሕረ ሐሳብን፣ ቀጥሎ የፖታሲየምና የአርጎንን ስሌት፤ ከዚያም እያንዳንዱ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደማያገኝ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ መጠየቅ። ዓለም ለምን ተፈጠረች የሚለውን ጥያቄ ግን ለቤታቸው፣ ለቤተ ክርስቲያናቸውና ለመስጊዳቸው ይተውላቸው።