ድምፄን ሰጥቼ ምን አተረፍሁ?

(ይህ ንግግር በአንድ የገጠር ቀበሌ የማታ ትምህርታቸውን ለጨረሱ ጎልማሶች በአንድ አረጋዊ ገበሬ የተደረገ ነው።)



ፊደል ቆጥራችሁ ለዚህ ቀን ስለ በቃችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔም እንደ እናንተ ጎልማሳ ሆኜ ነው የተማርሁት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ተጀመረ። ወደ እኛ ቀበሌ ሲደርስ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። ቀን ሞፈር፣ ማታ እርሳስ እይዝ ነበር። ከሁለቱ የከበደኝ እርሳሱ ነው።

ዛሬ ስለ ምርጫ እንድናገር ታዝዣለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል፣ «ምርጫ ምን ይረባል? ድምፄን ሰጥቼ ምን አተረፍሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያን ሰው አልቆጣውም። እኔ ራሴ ስምንት ዓመት ያህል እንዲህ ስል ኖሬአለሁና። ስለዚህ የምነግራችሁ በንባብ ያገኘሁትን ብቻ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰውንም ጭምር ነው።

አባቴ የማያውቀው እንደራሴ

በመጀመሪያ ወደ ኋላ መለስ እንበል። በአገራችን ምክር ቤት የተቋቋመው በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ መምረጥ የጀመረው ሕገ መንግሥቱ በ1948 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ለመመረጥ ባለ ንብረት መሆን ያስፈልግ ነበር። ድሀው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. ይህ ምክር ቤት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አጸደቀ። የጎጃም ገበሬ፣ መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴንም ልነጠቅ ነው ብሎ ሰጋ። ግብሩን አልከፍልም አለ። ጦር ተላከበት። አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። ደም ፈሰሰ። እኔ ያን ጊዜ ጥጃ ጠባቂ ልጅ ነበርሁ። አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ ከቤት ሲወጣ አስታውሳለሁ።

በኋላ ማንበብ ስችል አንድ ነገር ገረመኝ። ያን አዋጅ ያጸደቁት ሰዎች የሕዝብ እንደራሴ ይባሉ ነበር። አባቴ ግን የእኛ እንደራሴ ማን እንደ ሆነ አያውቅም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። በእርሱ ስም አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው እንዳለ የነገረው የለም። ስለዚህ ብሶቱን በቃል ሳይሆን በጥይት ተናገረ። እናንተዬ፣ ድምፅ ያጣ ሕዝብ ዕዳውን የሚከፍለው በደም ነው።

ተስፋዬ የተቆረጠው እንዴት ነው?

እኔ መጀመሪያ የመረጥሁት በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ነው። የነበረው አንድ ፓርቲ ብቻ ነው። ዕጩዎቹን የሚያቀርቡትም ፓርቲውና በእርሱ የሚመሩ ድርጅቶች ነበሩ። ሂዱ ተባልን፣ ሄድን። ምረጡ ተባልን፣ መረጥን። ሸንጎውም በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ አብሮ ፈረሰ።

ከዚያ በ1987 ዓ.ም. ሌላ ሕገ መንግሥት ወጣ። ቁጭ ብዬ አነበብሁት። አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች በየአምስት ዓመቱ፣ ነፃ በሆነ ምርጫ፣ ድምፅ በምስጢር እየተሰጠ ይመረጣሉ ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ሰው ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል ይላል። ደስ አለኝ። አባቴ ይህን ሳያይ በመሞቱ አዘንሁ።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ደረሰ። ፓርቲዎቹ ሲከራከሩ በሬዲዮ ሰማን። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ሰምተን አናውቅም። ግንቦት 7 ቀን ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ ተሰለፍሁ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ግን ማንም ከሰልፉ አልወጣም። ባልቴቶች በዱላ ተደግፈው ቆመው ነበር።

እኔ ድምፄን የሰጠሁት ስለ አንድ ነገር ብዬ ነው። ስለ ድልድይ። ወንዛችን ክረምት ሲሞላ ከገበያም፣ ከጤና ጣቢያም ይቆርጠናል። አንድ ዕጩ በመካከላችን ቆሞ፣ «ከመረጣችሁኝ ይህ ወንዝ ድልድይ ይኖረዋል» አለ። እኔም አመንሁት።

ምርጫው አለፈ። በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሣ። በሰኔ 1997 ዓ.ም.ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ሰዎች ተገደሉ። ብዙዎችም ታሰሩ። በእኛ ቀበሌ ሰው የሞተ የለም። ነገር ግን ማዳበሪያ ልንወስድ ስንሄድ፣ «ማንን መረጥህ?» የሚል ዐይን ያየን ጀመር። ያ ድልድይ እሠራለሁ ያለው ሰው ደግሞ እግሩን አላነሣም።

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የወንድሜ ሚስት ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመን ወጣን። ወንዙ ሞልቷል። ዳር ላይ አስቀምጠናት እስኪጎድል ጠበቅን። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ አላባራም። ሲነጋ እርሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ። ወንድሜ ዘወር ብሎ አየኝና፣ «ድልድዩን መረጥን አላልህም?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ቤቴ ገባሁና ያን የምርጫ ካርድ ከጣሪያው ሣር ውስጥ ሻጥሁት። «ከእንግዲህ ለማንም አልሰለፍም» አልሁ።

ያልመረጠም ይገዛል

በ2000 ዓ.ም. የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ሆነ። አልሄድሁም። ብዙዎቻችን እቤታችን ቀረን። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ተጽናናን። የሄዱት ሰዎች ወዳጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን መረጡ። እኔ ዝም በማለቴ መንግሥትን የቀጣሁ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ ያ ምክር ቤት የጋራ ግጦሻችንን ከፋፍሎ ሰጠ። ለማን? ለጥቂት ሰዎች። ከብቶቼን ይዤ ስደርስ አጥር ታጥሮ አገኘሁ። «ይህን ማን ወሰነ?» ብዬ ጮኽሁ። «ምክር ቤቱ» አሉኝ። «ማን የመረጠው ምክር ቤት?» አልሁ። አንዱ ሳቀና፣ «ምርጫው ዕለት የት ነበርህ?» አለኝ። ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ያልመረጠ ሰው ከግብር አይድንም። ከአዋጅም አያመልጥም። ሌሎች በመረጡለት ሰው ይገዛል እንጂ ያለ ገዥ አይቀርም። ያኮረፈ ገበሬ ማሳውን ቢተው ማሳው ባዶ አይቀርም። አረም ይወርሰዋል።

ከጎረቤቶቻችን አንዲት ባልቴት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ብርቱ ሴት ናት። በ2005 ዓ.ም. እንደ ገና የቀበሌ ምርጫ ሲመጣ ልወዳደር ነው አለች። እቤቴ ድረስ መጣች።

«አያ፣ ካርድ ውሰዱ» አለችኝ።

«እቴ፣ ተዪኝ። መርጬ ያየሁት ይበቃኛል» አልኋት።

«አምና በረዶ ጤፍዎን መታው አይደል?»

«መታው።»

«ታዲያ ዘንድሮ አልዘሩም?»

መልስ አጣሁ። ሄጄ ካርድ ወሰድሁ። እርሷም ተመረጠች። በየስብሰባው ስለ ወንዙ ትናገር ነበር። አፍ እስኪያወጡባት ድረስ ትናገር ነበር። ፊደል የቆጠርነው ማመልከቻ እየጻፍን፣ ያልቆጠሩት በጣታቸው እየፈረሙ፣ ወደ ወረዳ ደጋግመን ላክን። ከሁለት ዓመት በኋላ ወረዳው ሲሚንቶና ብረት ሰጠ። እኛ ድንጋይና አሸዋ አቀረብን፤ ጉልበታችንንም ጨመርን። አንድ የእግር መሸጋገሪያ ተሠራ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም። መኪና አያሳልፍም። ግጦሹም አልተመለሰልንም። ነገር ግን ቃሬዛ ያሳልፋል። የወንድሜ ሚስት በኋላ የወለደችውን ልጅ በዚያ መሸጋገሪያ ተሻግራ ጤና ጣቢያ ነው የተገላገለችው።

ለሚጠይቅ ሰው

አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ይለኝ ይሆናል። «ቀበሌውስ ይሁን። ትልቁስ ምርጫ? በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫ 545ቱን ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ወሰዱ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ። በ2013 ዓ.ም. በጦርነትና በጸጥታ ችግር ድምፅ ያልሰጠ አገር ነበር። ይህ ምን ምርጫ ነው?»

እውነቱን ነው። ይህን መካድ አይገባም። ድምፅ መስጠት ብቻውን አይበቃም። የማያዳላ አስመራጭ ያስፈልጋል። ታዛቢ ያስፈልጋል። የማይፈራ ዳኛ ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ግን እነዚህ ነገሮች እቤት በመቀመጥ ይመጣሉን? የአንድ አገር ታሪክ ልንገራችሁ።

ማላዊ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ያለች አገር ናት። አብዛኛው ሕዝቧ እንደ እኛ ገበሬ ነው። በቆሎ ለቀለቡ፣ ትምባሆ ለገበያ ያመርታል። እዚያ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ፒተር ሙታሪካ አሸነፉ ተባለ። ነገር ግን በብዙ የውጤት ወረቀቶች ላይ ቁጥሩ በነጭ ማጥፊያ ቀለም እየተሸፈነ ተለውጦ ተገኘ። ተፎካካሪዎቹ ከሰሱ። ሕዝቡም ለወራት በሰልፍ ጮኸ። በጥር 2012 ዓ.ም. አምስት ዳኞች ምርጫውን ሰረዙት። ሕዝቡ በሰኔ ወር እንደ ገና ተሰለፈ፤ ላዛረስ ቻክዌራም አሸነፉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኑሮ እየከበደ ሄደ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሕዝቡ ቻክዌራን በድምፁ አወረደና ሙታሪካን መልሶ መረጠ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚያ ገበሬዎች በመጀመሪያው ቀን እቤታቸው ቀርተው ቢሆን ኖሮ የሚሰረቅ ድምፅም፣ የሚከሰስበት ወረቀትም አይኖርም ነበር። ድምፄ ተሰረቀ ለማለት መጀመሪያ ድምፅ መስጠት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ምርጫ ሁልጊዜ ጥሩ ሰው አያመጣም። ጥቅሙ የማይሠራውን ሰው ያለ ጥይት ማውረድ መቻሉ ነው። አባቴ ያጣው ይህን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መምረጥ ግዴታ ነው ስላችሁ ፖሊስ ያስገድዳችኋል ማለቴ አይደለም። በሕጋችን መብት ነው። እኔ የምለው ግዴታ እንደ ቀብር ያለ ነው። ጎረቤት ሲሞት ቀብር ሂድ ብሎ የሚያስር ዳኛ የለም። ግን ማንም አይቀርም። ለምን? የሁላችን ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው።

የመራጮች ምዝገባ ቀኑ ሳያልፍ ካርድ ውሰዱ። ዕጩው ሲመጣ፣ «ምን ትሠራለህ?» ብቻ ሳይሆን፣ «መቼ? በምን ገንዘብ? ባትሠራ የት እናገኝሃለን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጠውንም ተስፋ ጻፉት። ድሮ በቃል ይቀር ነበር፤ አሁን እርሳስ ይዛችኋል። ድምፃችሁን በጠላና በአረቄ አትሸጡ። የማንን ስም እንዳመለከታችሁ የማወቅ መብት ያለው ሰው የለም፤ ምስጢር ነው። ባልና ሚስትም ቢሆኑ እያንዳንዱ የየራሱን ይመርጣል። ቀድሞ ምልክት ብቻ እያየን፣ ሰው ጠቁሞን እናመለክት ነበር። አሁን ስሙን ራሳችሁ ታነባላችሁ። ማንም ዕጩ ባያስደስታችሁ እንኳ ሄዳችሁ ባዶ ወረቀት መክተት እቤት ከመቅረት ይሻላል። ያ ወረቀት ሲቆጠር ያልተደሰተ ሰው መኖሩ ይታያል።

ከምርጫው በኋላም አትበተኑ። የመረጣችሁትን ሰው ጥሩት። ካልመጣ በማመልከቻ ጠይቁት። አንድ ሰው ብቻውን ቢጽፍ ይናቃል። መቶ ሰው ሲፈርም ግን ወረቀቱ ይከብዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ወገኖቼ፣ እኔ መንግሥትን አምኜ አይደለም ወደ ሰልፉ የተመለስሁት። ዛሬም ብዙ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የተመለስሁት የእኔ ንዴት ሣር ጣሪያ ውስጥ ተሽጦ ማንንም እንደማያስፈራ ስላየሁ ነው። ያ የድሮው ካርድ ቤቱን ሳድስ ተገኘ። ምስጥ በልቶታል። ዝም አይነቅዝም ማለት ውሸት ነው።



ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የተናጋሪው አባት በ1960 ዓ.ም. ብሶቱን በጥይት የተናገረው ለምንድን ነው?
2. ተናጋሪው መምረጥ የተወበትንና መልሶ የጀመረበትን ምክንያት ተናገሩ።
3. የማላዊ ሕዝብ ያገኘው ውጤት በድምፅ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አስፈልጎታል?
4. በእናንተ ቀበሌ እንደዚያ ወንዝ ያለ ችግር የቱ ነው? ማመልከቻ ጻፉበት።