ከሣሩ ሥር ያለው ለውጥ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ የግጦሽ መስክ ከከብት ተከልሎ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ በየቀበሌው የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው። ሣሩ ቁመት ጨምሯል፤ የተጠበቀውን ያህል ግን አልበዛም። ከፊሉ አባል «ይከፈትልን» ይላል፤ ከፊሉ «ይታረስ» ይላል። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ከመሬት በላይ በሚታየው ነው። ከመሬት በታች ያለው ሥራ ከዚያ ይዘገያል።

በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮን ይቆጠራል። በተለይ የሚበዛው ሥርን ተጠግቶ ባለው ስስ የአፈር ክፍል ነው። ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር እ.ኤ.አ. በ1904 ይህን ክፍል «ሪዞስፌር» ብሎ ሰየመው። ባክቴሪያው እዚያ የሚሰበሰበው ምግብ ስለሚያገኝ ነው። ተክሉ በቅጠሉ ከሚያዘጋጀው ስኳር የተወሰነውን በሥሩ በኩል ያፈሳል፤ ባክቴሪያዎቹም ይህን እየተመገቡ በአፈሩ ውስጥ የታሰረውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለተክሉ እንዲመች አድርገው ይለቃሉ። ተክሉ ከቡቃያ ወደ አበባ ሲሸጋገር የሚያፈሰው ነገር ስለሚለወጥ በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ይለወጣሉ።

ወቅትም ይለውጣቸዋል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ከፊሎቹ ይሞታሉ፣ ከፊሎቹ እንደ ማንቀላፋት ይላሉ። ዝናብ ሲጥል የተረፉት በድንገት ይነሳሉ። በርች የተባለው ተመራማሪ በኬንያ ሙጉጋ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ የደረቀ አፈር እንደገና ሲርስ የበሰበሰው ነገር በፍጥነት እንደሚብላላና ናይትሮጅን እንደሚለቀቅ እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፏል። (በመጀመሪያው ዝናብ የሚሸተው የአፈር ጠረንም በአብዛኛው የባክቴሪያ ሥራ ነው።) ነባር ሥር ያለው መስክ ከዚህ ናይትሮጅን የድርሻውን ቶሎ ይወስዳል። ታርሶ ባዶውን ከቆየ መሬት ላይ ግን ብዙው ከውኃው ጋር ሰርጎ ወይም በጎርፍ ታጥቦ ይሄዳል።

ከዓመት ወደ ዓመት ያለው ለውጥ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጀርመን አገር በዬና ከተማ አጠገብ ሲታረስ የኖረ መሬት እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፋፍሎ የሣር መስክ ተደረገ። በአንዳንዱ ቦታ አንድ ዓይነት፣ በሌላው እስከ 60 የሚደርስ ዓይነት ተክል ተዘራበት። ብዙ ዓይነት ያለበት ቦታ ከመሬት በላይ ያለው ምርቱ ቶሎ በለጠ። በአፈር ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ብዛት ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ወደ አራት ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ ነው። የዬና አየር ከደጋው አየር ጋር አንድ ስላልሆነ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አያስፈልግም። ሆኖም በአንድ ክረምት ብቻ በመስክ ላይ መፍረድ ችኮላ መሆኑን ያሳያል።

በደጋው መስክ ይህን ለመከታተል የሚያመቸው ማገጥ ነው። በማገጥ ሥር ላይ በሚታዩት ትንንሽ እባጮች ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለተክሉ ይሰጣል። መስኩ ላይ ዩሪያ አብዝቶ መበተን ሣሩን ቶሎ ያሳድገዋል፤ ነገር ግን ማገጡ በሣሩ ይዋጣል፣ እባጩም ያንሳል። በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ በሚጠና የድርቆሽ መስክ፣ በየዓመቱ አሞኒየም ሰልፌት የተጨመረበትና ኖራ ያላገኘው ቦታ በጣም አሲዳማ ሆኖ የማገጥ ዘመዶች ከላዩ ጠፍተዋል።

ስለዚህ በተከለለው መስክ ላይ ድምፅ ከመስጠት በፊት ኮሚቴው ማገጡ ሲያብብ አካፋ ይዞ ቢወጣ ይመረጣል። ተክሉ ሳይጎተት ከነአፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ሲጎተት እባጩ መሬት ውስጥ ይቀራልና። አፈሩ በውኃ ቀስ ብሎ ይታጠባል፤ እባጩም በጥፍር ይሰነጠቃል። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አይሠራም። ፍሬ ከያዘ በኋላ እባጩ በራሱ ጊዜ ስለሚያረጅ ያን ጊዜ የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል። ከአምስት ወይም ከስድስት ቦታ አይቶ ውጤቱን በመዝገብ መያዝና በየዓመቱ በዚያው ወቅት መድገም ከአንድ ጧት ሥራ አይበልጥም።