ከአጥሩ ጀርባ

አንደኛ አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. 2010፣ ቫንኩቨር ኦሊምፒክ። ኮሪያዊቷ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኪም ዩና በረዶው ላይ ስትዘል ካናዳዊው አሠልጣኟ ብራያን ኦርሰር ከአጥሩ ጀርባ አብሯት ይዘላል። በ228.56 ነጥብ ወርቁን ወሰደች።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እሱ እኮ በ1984ም በ1988ም ከኦሊምፒክ በብር ነው የተመለሰው! ተማሪውን እሱ ላላገኘው ወርቅ ማብቃቱ ልብ ይነካል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ተለያዩ፤ ያውም በአደባባይ እየተወቃቀሱ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ኦርሰር በቶሮንቶ ሲያሠለጥን የሆነው ነው። ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩና ስፔናዊው ሃቪየር ፈርናንዴዝ ተቀናቃኞች ሆነው ሳለ ሁለቱም በእሱ ሥር ሠለጠኑ። በ2015ቱ የዓለም ሻምፒዮና ፈርናንዴዝ ሃንዩን አሸነፈ። እስቲ አስበው፤ አሠልጣኙ ለአንዱ ደስ ሲለው ለሌላው ማዘኑ አይቀርም።

አንደኛ አቅራቢ፦ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ደግሞ ሃንዩ ወርቅ፣ ፈርናንዴዝ ነሐስ አገኙ።