የችግርን መጠን የሚወስነው ማን ነው? በዱር በሕይወት የመቆየት ጌሞችና የጋምቤላ ትምህርት



የዛሬው ርዕሰ ጉዳዬ፣ በዱር በሕይወት ለመቆየት የሚታገልን ሰው የሚያጫውት የቪዲዮ ጌም የክብደት ደረጃው እንዴት ይነደፍ የሚለው ነው። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም አንድ የፍትሕ ጥያቄ አዝሏል፤ «መካከለኛ» የሚባለውን ችግር የሚለካው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ የወጣውን የካናዳውን «ዘ ሎንግ ዳርክ» እንውሰድ። ተጫዋቹ በሰሜኑ ብርድ ብቻውን ነው። ጌሙ አስቀድመው ከተዘጋጁት ደረጃዎች ሌላ፣ ተጫዋቹ ራሱ የሚቀምረው ደረጃ አለው። የረኃቡን ፍጥነት፣ የአየሩን ክፋት፣ የአውሬውን ብዛት፣ የሚገኘውን ስንቅ መጠን ለየብቻ ያስተካክላል።

ማስተካከያዎቹ ለየብቻ ቢቀመጡም ለየብቻ ግን አይሠሩም። ረኃብ በእጥፍ ቢፈጥን፣ በአንድ ሰዓት ፍለጋ የሚገኘውም ምግብ በግማሽ ቢቀንስ፣ ለዕለት ጉርስ የሚያስፈልገው የፍለጋ ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ መንገድ ደግሞ ጥማትንና ድካምን ያስከትላል። ስለዚህ ነዳፊው «ሁለት እጥፍ» የሚል ቁጥር ከሚያሳይ ይልቅ ስንቁ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ቢያሳይ ይሻላል።

ይህንኑ ጌም ወደ ጋምቤላ እናምጣው። የብርድ ማስተካከያው ፋይዳ ያጣል፤ ሙቀቱና ወባው ቦታውን ይወስዳሉ። ውኃም በአንድ ልክ አይለካም፤ በበጋ ይርቃል፣ በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቃል። የኑዌር አርብቶ አደሮች በበጋ ወደ ወንዝ፣ በክረምት ወደ ከፍታ የሚጓዙት ይህን ስለሚያውቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሌይችዎር የስደተኞች መጠለያ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ፣ ነዋሪዎቹ በኋላ ወደ ጀዊ ተዛውረዋል። ስለዚህ በጌማችን ውስጥ ወቅትን የማወቅ ዕውቀትና አስቀድሞ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ራሳቸውን የቻሉ ማስተካከያዎች ሊሆኑ ይገባል።

ወደ ትየርኪዲ ስንመጣ ጥያቄው ይከብዳል። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በመላ ኢትዮጵያ ለስደተኞች የሚሰጠው የምግብ እርዳታ፣ እህሉ ላልታለመለት ዓላማ መዋሉ በመታወቁ ተቋርጦ በጥቅምት ቀጥሏል። በእነዚያ ወራት የስንቁን መጠን የለወጠው ተቀባዩ ሳይሆን ከሩቅ የተሰጠ ውሳኔ ነበር። የጌም ተጫዋች ክብደቱን መርጦ ይገባል፤ ሲሰለቸውም ይወጣል። ስደተኛው ሁለቱም የሉትም።

ታዲያ ይህን ሕይወት ጌም ማድረግ ነውር ነውን? በሰሜን ዩጋንዳ መጠለያ ያደገው ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየን «ሰላም» የተሰኘውን ጌም ሲነድፍ፣ ተጫዋቹን ከጦርነት የሚሸሽ ሰው አድርጎታል። በእኔ አስተያየት ነውሩ ታሪኩን መንገር ሳይሆን ባለታሪኩን ሳይጠይቁ መንገር ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ ጌም ስትነድፉ፣ መጀመሪያ የሚቀመጠውን «መካከለኛ» ደረጃ በቢሮ አትገምቱት፤ በቦታው የኖሩትን ጠይቁ። ክብደቱን ስትጨምሩም ተጫዋቹ የሚያስብበትን ጊዜና የሚመርጠውን መንገድ አትንጠቁት። ችግር ያለ ምርጫ ሲበዛ ጌሙ ቅጣት ይሆናል።