የስም መድረሻ በከምባቲሳና በሀዲይሳ



ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባሉት ከተሞች የውኃ ወይም የመብራት ሥራ የሚያከናውን መሐንዲስ ማስታወቂያና ደረሰኝ በአገሬው ቋንቋ የማዘጋጀት ግዴታ ይገጥመዋል። ይህ ሥራ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ በመደርደር ብቻ አይፈጸምም።

በአማርኛ «ከቤታችን» ስንል መነሻውን የሚያመለክተው «ከ» ከስሙ በፊት፣ አገናዛቢው «-አችን» ከስሙ በኋላ ይውላል። ቱርኮች ይህንኑ «ኤቪሚዝዴን» ይላሉ፤ «ኤቭ» ቤት፣ «ኢሚዝ» የእኛ፣ «ዴን» ከ ማለት ነው። ሁሉም ከስሙ በኋላ ሲደረደር አገናዛቢው ይቀድማል፤ የስሙን ሙያ የሚገልጸው ይከተላል።

በከምባቲሳ ተራው ይገለበጣል። አባቱ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን «አኑስ»፣ ተሳቢ ሲሆን «አናስ» ይባላል። በመጀመሪያ «ኡ» እና «ኣ» ሙያውን ይለያሉ፤ ቀጥሎ «ስ» የእርሱ መሆኑን ያስረዳል። ሀዲይሳ በበኩሉ አገናዛቢውን ከስሙ አስቀድሞ «ኢ ሚኔ»፣ ማለትም «ቤቴ» ይላል፤ ስለዚህ የአንዱን ጎረቤት ሥርዐት ለሌላው ማዋል አይቻልም።

ኢቮን ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት የከምባቲሳ ሰዋስው ለስም ዘጠኝ ሙያዎችን ይዘረዝራል። ለመሐንዲሱ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ደረሰኝ የሚያትም የኮምፒዩተር ፕሮግራም «ከ» ብሎ ባዶውን ቦታ በማንኛውም ስም ቢሞላ ዐረፍተ ነገሩ ይሰምራል። ከምባቲሳ ግን ይህንኑ ፍች በስሙ መጨረሻ በሚጠብቅ «ች» ስለሚገልጽ፣ ስሙ ራሱ መልኩን መለወጥ አለበት። ባዶ ቦታ መሙላት አይበቃም።

በዚህ ላይ አጽንዖት የማይወድቅበት የመጨረሻ አናባቢ በሹክሹክታ ያህል ይነገራል። ያልለመደ ጆሮ አይሰማውም፤ ጸሐፊውም ይጥለዋል። የወደቀው ፊደል ግን ባለቤቱን ከተሳቢው የሚለየው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የፕሮግራሙ መዝገብ ከእያንዳንዱ ስም ጋር ጾታውንና የእርባታ ምድቡን መያዝ፣ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት በቋንቋው ተናጋሪ መታረም ይገባዋል። በፓምፑ አጠገብ የቆመ ሠራተኛ ውኃው ከማጠራቀሚያው ይውጣ ወይስ ወደ ማጠራቀሚያው ይግባ የሚለውን የሚያውቀው ከቃሉ መጨረሻ ነው። በንድፍ ላይ የቀስትን አቅጣጫ ሳናረጋግጥ እንደማንፈርም ሁሉ፣ የቃሉን መድረሻ ሳናረጋግጥም ማስታወቂያውን አንስቀል።