የማክሰኞ ፎቶግራፍ የለንም
(በአሽቀሎን፣ ባርኔአ ሰፈር፣ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ይዤ የመጣሁትን ዕቃ በመገረም ስትመለከቱት አይቻለሁ። አንድ አባት በር ላይ «ይህ የመሬት መለኪያ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም፤ ካሜራ ነው። ለምን እንደ ገዛሁት ልንገራችሁ።

አባቴ ያረፉ ጊዜ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶግራፍ ፈለግን። ያገኘነው የመታወቂያ ወረቀታቸውን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። አባቴ በዚህ ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። በየጧቱ ከሕንፃው በታች ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ጤና አዳም ተክለው ነበር። ይህ ሁሉ በአንድም ፎቶግራፍ ላይ የለም። ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቋቸው አንድ ጸሐፊ ፊት እንደ ቆሙ ሆነው ነው።

ቤተ እስራኤል ፎቶግራፍ አልተነሣም ማለቴ ግን አይደለም። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ መንደሮቻችን መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ብዙ መንገደኞችና ተመራማሪዎች አንሥተውናል። ከእነዚያ ፎቶግራፎች በብዙዎቹ ሥር ግን የሰው ስም የለም። «ፈላሻ ሴት»፣ «ሸክላ ሠሪ» ይላል፤ የማን እናት እንደ ሆነች አይነግረንም።

በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመጡ፣ ግንባራችን ላይ ቁጥር እንደ ተለጠፈ ዓለም አይቶናል። እኔም በልጅነቴ ከእነዚያ መካከል ነበርኩ። በጥር 1996 የለገስነው ደም መጣሉ ተሰምቶ በኢየሩሳሌም ሰልፍ ስንወጣ፣ ደግሞም በ2015 እና በ2019 ስንሰለፍ ካሜራው መጣ። በጥቅምት 2023 ሮኬት በአሽቀሎን ላይ ሲዘንብም መጣ።

እስቲ ልብ በሉ። ካሜራው የሚመጣው አገር ስንገባ፣ ስንጮኽና ስንመታ ነው። ማክሰኞ ዕለት ማንም አይመጣም። እኛ ደግሞ የኖርነው በአብዛኛው ማክሰኞን ነው፤ ሥራ ውለን፣ ልጅ ከጋን አምጥተን፣ እንጀራ ጋግረን።

በዚሁ ሰፈራችን የባይዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ከ1400 ዓመት በፊት እዚህ የኖሩ ሰዎች ድንጋይ ትተው ሄደዋል፤ ጎብኚም እየመጣ ያያል። እኛ የምንኖረው በሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምን ትተን እንሄዳለን?

ይህን ጥያቄ በሌላ አገር የመለሰ ሰው አለ። አውጉስት ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ በ1876 ሄርዶርፍ በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለደ። ፎቶግራፍ አንሺ ሲሆን በትልቅ ካሜራ የተወለደበትን አካባቢ ገበሬዎች፣ ኋላም ግንበኛውን፣ ጋጋሪውን፣ ሥራ አጡን አነሣ። በ1929 መጽሐፍ አሳተመ፤ ናዚዎች በ1936 የመጽሐፉን ማተሚያ ሰሌዳዎች አጠፉ። በ1938 ገደማ የኮሎኝ አይሁዶች ለመታወቂያ ፎቶግራፍ ሲያስፈልጋቸው አነሣቸው፤ ከጀርመን ሕዝብ ጋር «የተሳደዱት» ብሎ በሥራው ውስጥ ቦታ ሰጣቸው። ጉርድ ፎቶ እንኳ አንሺው ሰውየውን ካከበረው ምስክር ይሆናል።

«ሁላችንም ቴሌፎን አለን፤ ይህ ሸክም ለምን?» ትሉኛላችሁ። ቴሌፎኔ ውስጥ ብዙ ሺህ ፎቶ አለ፤ ማን እንደ ሆነ የተጻፈበት አንድም የለም። ይህ ካሜራ ግን አያስቸኩልም። በሦስት እግር ይቆማል፤ መካከሉ አባቶቻችን ብረት ሲቀጠቅጡ እንደ ተጠቀሙበት ያለ ወናፍ ነው። ፊልሙ አንድ በአንድ የሚገባ ሲሆን ስፋቱ 10 በ12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከተለመደው ትንሽ ፊልም ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋል። ስለዚህ የጥልፉ ክር፣ የእጅ መዳፍ መሥመር ሳይቀር ይታያል። ፊልሙ ውድ ስለሆነ ከማንሣቴ በፊት ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ። ፊልሙ ከገባ በኋላ ደግሞ በመስተዋቱ ማየት አይቻልም፤ ከካሜራው ጎን ቆሜ የሰውየውን ዓይን አያለሁ። እሳቸውም ያዩኛል። ተደብቆ ማንሣት የለም።

በመስተዋቱ ላይ ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው። አንዲት እናት ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው ጎረቤታቸውን ቢያዩ «እግሯ ወደ ሰማይ!» አሉና ሳቁ። ቆየት ብለው «መርከዝ ክሊታ ስንገባ እኮ ሁላችንም እንዲህ ነበርን፤ ልጅ አስተርጓሚ፣ አባት ተማሪ» አሉ።

ሌላዋ እናት ከጽዳት ሥራ ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ቆይ፣ የሀበሻ ቀሚሴን ልልበስ» አሉ። ወታደር ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች፤ «እማዬ፣ ያሳደገን ይሄኛው ልብስ ነው» አለቻቸው። ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ተቀመጡ። ለሲግድ የምንለብሰውን ነጭ ልብስ ሁሉም ያነሣዋል። ይህን ግን እኛው ካላነሣነው ማንም አያነሣውም።

ደንባችን አጭር ነው። ፈቃድ ሳይጠየቅ አይነሣም። ለቅሶ ቤት አይነሣም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካሜራው ይታሰራል፤ ሰንበት ሳይወጣ አይፈታም። የተነሣው ሰው ፎቶግራፉን ታትሞ በእጁ ያገኛል። የባሕሩ እርጥበት ፊልም ስለሚያበላሽ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እናስቀምጣለን።

ከሁሉም በላይ ግን ስም አለ። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ በአንድ ቢሮ ስሜ በሌላ ስም ተለውጦ ተጻፈ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ የሰውየው ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለዱበት መንደር፣ በዚያ ዕለት ይሠሩት የነበረው ሥራ በአማርኛና በዕብራይስጥ ይጻፋል። ወጣቶች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። አያቶቻችሁ ይንገሯችሁ፤ እናንተ ጻፉ። በማስተማር ሥራዬ እንዳየሁት፣ ልጅ አያቱን «የት ተወለድህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ያገኛሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ከናንተ የምፈልገው በር መክፈት ብቻ ነው። በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ እዚህ ማትናስ እገኛለሁ። «እኔ ምን አለኝና» አትበሉ። ሽማግሌዎቻችን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ የሄደውን ማንሣት አይቻልም።

ባለፈው ማክሰኞ እናቴን እንጀራ ሲጋግሩ አነሣኋቸው። ፊልሙ አንድ ሰኮንድ ያህል ብርሃን ስለሚፈልግ እንፋሎቱ ደመና ሆኗል፤ አክንባሎውን የያዘው እጃቸው ግን ጥርት ብሏል። ጀርባውን ልጄ ጻፈው። አያቱ የመንደራቸውን ስም ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነገሩት፤ እንዳይሳሳት።