የአገር ዘር ወዴት እየሄደ ነው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዝሀ ሕይወት ሲባል የደንና የዱር አራዊት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአርሶ አደሩ ጎተራ ያለው ዘርም ብዝሀ ሕይወት ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ከሰበሰበ በኋላ አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መድቧታል።

ይህ ሀብት እየቀነሰ ነው ወይ? መልሱ እንደ ሰብሉ ይለያያል። በጤፍና በማሽላ የአገር ዘር አሁንም በሰፊው ይዘራል። በስንዴ ግን የአገሩ የዱረም ስንዴ አብዛኛውን ማሳ ለዳቦ ስንዴ ለቋል።

ምርጥ ዘር ምርት መጨመሩን ማንም አይክድም። ችግሩ የሚመጣው አገር ምድሩ አንድ ዘር ብቻ ሲዘራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲነሳ በሰፊው ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ጋላማ ተመቱ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ ተስፋፋ። በ2013 ደግሞ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ተነስቶ ዲገሉን ራሱን መታው። በአገር ዘር ማሳ ውስጥ ግን ብዙ ዓይነት ተደባልቆ ስለሚበቅል፣ አንዱ ሲመታ ሌላው የመትረፍ ዕድል አለው።

የዚህ ዘር ዋጋ በባሕር ማዶም ታይቷል። ገብስን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታን የሚቋቋም ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ የካሊፎርኒያ ገብስ አምራቾችን ጠቅሟል።

ዘርን ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቁሟል። ሆኖም በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዘር ከጉዳት ይጠበቃል እንጂ ከሚለዋወጠው ዝናብና ከአዳዲስ በሽታ ጋር አይላመድም። የሚላመደው በየዓመቱ ሲዘራና ሲመረጥ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገዷል። ከዚያ ወዲህ እነ ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘሩ በገበሬው እጅ እንዲጠበቅ ሠርተዋል። በምሥራቅ ሸዋ ኤጀሬም አርሶ አደሮች በማኅበረሰብ የዘር ባንክ አማካይነት የዱረም ስንዴ ዘራቸውን ወደ ማሳ መልሰዋል።

ዩኒየኑ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር መጋዘን አለው። ከዚያው መጋዘን አንድ ጥግ ለአገር ዘር ቢመደብ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የቀበሌውን ዘር ስሙንና ባሕርዩን እየመዘገበ ቢያስገባ፣ አባሉም ዘር ተበድሮ ከአዝመራ በኋላ ቢመልስ ወጪው ብዙ አይደለም። የወረዳው ግብርና ጽ/ቤትም ሥራውን በዕቅዱ ቢይዘው ይጠናከራል። ገንዘብ ቢያልቅ ይበደሩታል፤ ከሁሉም ጎተራ የጠፋን ዘር ግን የሚያበድር የለም።